የወረርሽኝ ስሌት በኮምፒውተር እና መሃል አዲስ አበባ

የወረርሽኝ ሞዴል ተላላፊ በሽታ በሕዝብ መካከል የሚዛመትበትን መንገድ በሒሳብ ቀመር ገልጾ በኮምፒውተር የማስላት ሥራ ነው። መሠረቱ ተመራማሪዎቹ ከርማክ እና ማኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተሙት ጥናት ሲሆን፣ ሕዝቡ ገና ያልተያዙ፣ የተያዙ እና ያገገሙ ወይም የሞቱ ተብሎ ተከፍሎ፣ ሰው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያልፍበት ፍጥነት ይሰላል። አንድ ታማሚ ማንም የመከላከል አቅም በሌለው ሕዝብ ውስጥ በአማካይ ለስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ የሚነግረው ቁጥርም ከዚሁ ይገኛል፤ ለኩፍኝ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ይገመታል።

ይህ ቁጥር ግን የተሕዋሲው ብቻ ሳይሆን የሰው አኗኗርም ውጤት ነው። በአውሮፓ ቤተሰቦች መካከል በተሰበሰበ የግንኙነት መረጃ መርካቶን፣ ፒያሳን ወይም የለገሃርን የታክሲ ተራ ማስላት አያስተማምንም፤ ለቅሶ፣ እድርና ማኅበር ሰውን የሚያገናኙበት መንገድ በዚያ መረጃ ውስጥ የለምና። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ በኋላ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ሲታዘዝ፣ በመኪናው ውስጥ የነበረው ንክኪ ቢቀንስም በፌርማታ የሚጠብቀው ሰው በዝቷል። መቀመጫ ብቻ የሚቆጥር ሞዴል ሰልፉን አያየውም።

ከተማዋ ወረርሽኝን የምታውቀው ከዚያ ብዙ ቀድማ ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ ማለትም በዓለም የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከ9,000 እስከ 10,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠሉ ልማድም ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ሞዴል የሚፈልገው ግን ጠቅላላ ድምሩን ሳይሆን በየዕለቱ የታመመውንና የሞተውን ሰው መዝገብ ነው።

እስካሁን ያየነው የሕዝቡን ንክኪ የሚያሰላውን ዘርፍ ነው፤ ሁለተኛው የወረርሽኝ ስሌት ዘርፍ የተሕዋሲውን የዘር ለውጥ ይከታተላል። የኮሮና ቫይረስ የዘር መልእክት 30,000 ገደማ ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ በኮቪድ-19 የመጀመሪያ ዓመት በአንድ የዘር ሐረግ ላይ በወር ሁለት ያህል ለውጥ ይጠራቀም ነበር። ኮምፒውተሩ ከየናሙናው የተነበበውን ለውጥ አነጻጽሮ የትውልድ ዛፍ ይሠራል፤ ዛፉም በሽታው ወደ አንድ አገር መቼና ስንት ጊዜ እንደገባ ለመገመት ያስችላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ በሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2020 እ.ኤ.አ. የጀመረው መርሐ ግብር የተሕዋሲን የዘር መልእክት የማንበብ አቅም በአህጉሩ ለማስፋት ያለመ ነው።

ሁለቱ ዘርፎች የሚገናኙት ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ቫይረስ ዝርያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. እንዳሳየው ነው፦ አዲስ ዝርያ ቀድሞ የተገኘውን የመከላከል አቅም ሲያመልጥ፣ «ያገገሙ» ተብለው የተመዘገቡት እንደገና ለበሽታው ይጋለጣሉ፤ የተሠራው ስሌትም ይፈርሳል። ዛፉ ደግሞ ያለፈውን እንጂ ቀጣዩን ለውጥ አይናገርም፤ ያለፈውንም ቢሆን ናሙናው ከመሃል ከተማ ሆስፒታሎች ብቻ ከተወሰደ የሚያሳየው የእነዚህን ታካሚዎች ታሪክ ብቻ ነው።