የጎብኚ ወጪና የቦታው ዋጋ ለምን ይለያያሉ?
«ጎብኚዎች ለጉዞ ያወጡት ሲደመር የጎበኙት ደን ዋጋ ይገኛል» የሚል ስሌት ደጋግሞ ይቀርባል። ትክክል አይደለም። ወጪ ለነዳጅና ለማረፊያ የተከፈለ ገንዘብ ነው። የቦታው የመዝናኛ ዋጋ ግን ጎብኚው ሊከፍል ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ ሳይከፍል የቀረው መጠን ነው፤ በኢኮኖሚክስ «የሸማች ትርፍ» ይባላል።

አንዲት ጎብኚ ለጉዞዋ 300 አወጣች እንበል። ወጪው 500 እስኪደርስ ድረስ ጉዞውን አትተውም። ጥቅሟ 200 ነው። ቦታው ቢዘጋ 300ውን ለሌላ ነገር ታውለዋለች፤ የምታጣው 200ውን ብቻ ነው። መግቢያው ነፃ የሆነ ቦታም ዋጋ የሚኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

500ው በምን ይታወቃል? ኢኮኖሚስቱ ሃሮልድ ሆቴሊንግ በ1947 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በጻፈው ደብዳቤ መንገዱን ጠቁሟል፦ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ብዙ ስለሚያወጣ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የጉዞ ወጪና የጉብኝት ብዛት ሲነጻጸሩ የፍላጎት መስመር (ወጪው ሲጨምር ጉብኝቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳይ መስመር) ይወጣል፤ ከመስመሩ በታች፣ ከተከፈለው ወጪ በላይ ያለው ስፋት ትርፉ ነው።

እስከዚህ ድረስ ክርክር የለበትም። ከጥናት ጥናት የሚለያየው በመንገድ ላይ የሚያልፈው ሰዓት እንደ ወጪ የሚተመንበት መንገድ ነው። ብዙዎች የሰዓት ደመወዝን ሲሶ ይይዛሉ፣ ሌሎች ሙሉውን፤ ልዩነቱ ውጤቱን በእጅጉ ይቀይረዋልና አንድ አኃዝ ከመጥቀሳችሁ በፊት ይህን እዩ። በአንድ ጉዞ ብዙ ቦታ የጎበኘ ሰው ወጪ በሙሉ ለአንዱ ቦታ ከተመዘገበም ዋጋው ይጋነናል።