ፒሬጅ ምንድን ነው? ንጉሥ ሆኖ ናይት ያለመሆን ነገር

ፒሬጅ የድሮ አውሮፓን ሕይወት እየተጫወተ የሚያስመስል አንድ ማኅበር ለአባላቱ የሚሰጠው ማዕረግ ነው። የማኅበሩ ነገር የተጀመረው በጓሮ ግብዣ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1 ቀን 1966 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ፣ የድሮ አውሮፓ ታሪክ የሚወዱ ወጣቶች የጥንት ልብስ ለብሰው የሰይፍ ግጥሚያ አደረጉ። ሲጨርሱ 20ኛውን ክፍለ ዘመን በመቃወም ሰልፍ ወጡ። ቀልድ ነበር፣ ግን ቀልዱ ሥር ሰደደ። ሶሳይቲ ፎር ክሪየቲቭ አናክሮኒዝም የሚባለው ማኅበር፣ ባጭሩ ኤስሲኤ፣ ዛሬ 20 «መንግሥታት» አሉት። ሳምንቱን ሙሉ ሂሳብ ሲሠራ የከረመ ሰው ቅዳሜ ጋሻ አንግቦ ብቅ ይላል።

ንጉሥ የሚኮነው ተጋጥሞ በማሸነፍ ነው። ሰይፉ በቴፕ የተጠቀለለ፣ ራታን ከሚባል ሸምበቆ መሰል ተክል የተሠራ ዱላ ነው። አሸናፊው ብዙ ቦታ ለ6 ወር ያህል ይነግሣል፤ ዘውዱን ሲያስረክብ ካውንት የሚል የመኳንንት ስም ያገኛል፣ ሁለት ጊዜ ከነገሠ ዱክ።

ፒሬጅ የሚሉት ከፍተኛ የክብር ማዕረግ ግን በአንድ ቀን ድል አይገኝም። ዘርፍ ዘርፍ አለው። ቺቫልሪ በጦር ሜዳው ላይ ለበረቱ (አብዛኞቹ ናይት ይባላሉ)፣ ሎሬል ለእጅ ጥበብና ለምርምር፣ ዲፌንስ ደግሞ በቀጭን ሰይፍ ለሚጋጠሙ ነው፤ ይሄኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ለእኔ ደስ የሚለኝ ፔሊካን ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ፔሊካን ደረቷን በመንቆሯ ወግታ ጫጩቶቿን በደሟ ትመግባለች ይባል ነበር። ማዕረጉም ወጥ ቤት ለቆሙ፣ ሂሳብ ለያዙ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ ቀርተው ድንኳን ለሚነቅሉ ነው።

እንዴት ይገባል? ማመልከቻ የለም፣ ፈተናም የለም። የማዕረጉ ባለቤቶች ከነጋሢዎቹ ጋር ይሰበሰቡና ስለ ሰውየው ያወራሉ። እሱ እዚያ የለም። ነጋሢዎቹ እነሱን ሳያማክሩ መስጠት አይችሉም፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዘውዱ ነው። ደጅ መጥናት አያዋጣም፣ «ለኔም ይገባኛል» ማለት ነውር ነው። የሚያዋጣው ከአንድ ናይት ሥር ገብቶ ቀይ ቀበቶ ታጥቆ መማር ነው፤ እሱም ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም።

በጽሑፍ የሰፈረው መስፈርት ከችሎታ ይጀምራል፤ ዕጩው ቀድመው ከገቡት ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚያ ግን አያቆምም። ሕግ ያክብር፣ ጨዋ ይሁን፣ እንግዳ ይቀበል፣ የሚያውቀውን ያስተምር፣ አለባበሱ አቅሙ በፈቀደ መጠን የዘመኑን ይምሰል ይላል። ጭፈራና ሙዚቃም ትንሽ ትንሽ ይወቅ። ቼዝ ሳይቀር!

ለዱላ ጨዋታ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ምክንያቱ ያለው ምቱ ላይ ነው። ግጥሚያው ላይ ዳኛ ቢኖርም «ተመተሃል፣ ውጣ» አይልም። ምቱ በቂ መሆኑን የሚፈርደው የተመታው ሰው ራሱ ነው። በእውነተኛ ሰይፍ ቢሆን ይገድለኝ ነበር ብሎ ካመነ ይወድቃል። እየተመታ እንዳልተሰማው የሚሆነውን «አውራሪስ» ይሉታል። አውራሪስ ዘውድ ሊወስድ ይችል ይሆናል። ስብሰባው ላይ ግን እነዚያ ምቶች ሁሉ ይነሱበታል።

ተቀባይነት ያገኘ ሰው ከሥርዓቱ በፊት ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ወዳጆቹና ባለማዕረጎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ይመክሩታል። ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ይበላል፣ ይጠጣል። ከዚያ ናይት የሚሆነው ሰው ነጭ ቀበቶ፣ የወርቅ ሰንሰለትና የፈረስ መኮርኮሪያ ይቀበላል፤ ፈረስ ባይኖረውም። ለዘውዱ የታማኝነት መሐላ መማል የማይፈልግ ደግሞ ማስተር ኦፍ አርምስ ይባልና በቀበቶው ፈንታ ከትከሻው ነጭ መታጠቂያ ያወርዳል።

አንድ ነገር ቀረች። ናይት የሚያደርገው የሰይፍ ንክኪ በናይት እጅ መሆን አለበት። ንጉሡ ራሱ ናይት ካልሆነ፣ ዘውዱ በራሱ ላይ እያለ ከተሰበሰቡት ናይቶች አንዱን ጠርቶ ሰይፉን ያቀብላል።