«አስጎብኚ አለኝ፣ ምን ያሰጋኛል?»፦ በብሔራዊ ፓርክ ስለሚደረግ የቀናት የእግር ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የመኪና መንገድ ካለቀበት አልፎ፣ ድንኳንና ስንቅ በጀርባ ተሸክሞ፣ ሦስት አራት ቀን በፓርክ ውስጥ በእግር መጓዝን ብዙ ሰው ይመኘዋል። ብቻውን መግባት የሚፈራ አስጎብኚ ካለው ቡድን ጋር ይመዘገባል። ጥሩ ውሳኔ ነው። ችግሩ የሚመጣው አስጎብኚ የቀጠረ ሰው የራሱን ጥንቃቄም አብሮ ያስረከበ ሲመስለው ነው። ከታች ያሉት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚሁ ነው።

«ዕቃዬን እነሱ ይሸከሙልኛል»

እንደ ኪሊማንጃሮ ባሉ ቦታዎች ተሸካሚዎች ድንኳኑንም ምግቡንም ይዘው ይወጣሉ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በተለመደው የጀርባ ቦርሳ ጉዞ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይሸከማል፤ ከቡድኑ ስንቅ፣ ምድጃና ድንኳንም ድርሻው ይደርሰዋል። ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚወሰደው ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ማለት ነው፤ ያን ይዞ ቀኑን ሙሉ ዳገት መውጣት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ቦርሳ አሞላልን ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ መለማመድ ይጠቅማል። የመኝታ ከረጢቱ ከታች ይገባል። ከባዱ ነገር፣ ማለትም ምግቡና ውሃው፣ መሃል ላይ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጣል። ዝናብ ልብስና በየመንገዱ የሚበላው ከላይ ይሁን። ቦርሳውን ሲያዝሉ መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ በዳሌ አጥንት ላይ አጥብቆ ማሰር፣ የትከሻውን ማሰሪያ ከዚያ በኋላ ማስተካከል ነው። አብዛኛውን ክብደት መሸከም ያለበት ዳሌ ነው፤ አንገትና ትከሻ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ከታመሙ ቀበቶው ያለ ቦታው ታስሯል ማለት ነው።

«አስጎብኚ መንገድ የሚያሳይ ሰው ነው»

መንገዱማ ካርታውም ላይ አለ። አስጎብኚው የሚከፈለው ለሚወስነው ውሳኔ ነው። ወንዙ ዛሬ ይሻገሩታል ወይስ ነገ ማለዳ ውሃው ሲጎድል? በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት የተራራ ወንዝ ከሰዓት በኋላ ይሞላል፣ ሌሊቱን ይቀንሳል፤ ያን የሚያውቅ አስጎብኚ ቡድኑን ማዶውን እያየ ያሳድረዋል። በከፍታ ቦታ የበጋ (በአሜሪካ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው የሙቀት ወቅት) መብረቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ጫፉ ላይ ወጥቶ ቀትር ሳይሆን ለመውረድ ሌሊት ያስነሳል።

ብዙዎቹ ባለሙያ አስጎብኚዎች ሐኪም በሌለበት ሩቅ ቦታ የሚሰጥ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና የወሰዱ ናቸው፤ ሥልጠናው ከ70 እስከ 80 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሳይመዘገቡ በፊት ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ድርጅቱ በዚያ ፓርክ ለመሥራት ፈቃድ እንዳለውም ይጠየቅ፤ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ያለ ፓርኩ ፈቃድ ሰው እያስከፈሉ ማስጎብኘት ክልክል ነው።

«እኔ ስፖርተኛ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም»

ከሁሉም በላይ አደገኛው ይህ ነው። የከፍታ ሕመም የሰውነትን ጥንካሬ አይቶ አይመርጥም። በየቀኑ የሚሮጥ ወጣት ሊታመም፣ አብሮት ያለው አዛውንት ደህና ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ጠንካራው ሰው የሚጎዳበት አንድ ምክንያት አለ፦ እግሩ ስለሚችል ሳንባውና አንጎሉ አየሩን ሳይለምዱት በፍጥነት ይወጣል።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጀምራል። ምልክቱ እዚያ እንደደረሱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። በሐኪሞች ዘንድ የተለመደው ምክር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመርና በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን ማረፍ ነው። ቀን ላይ ከዚያ በላይ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፤ የሚቆጠረው የሚተኙበት ከፍታ ነው።

ራሱን ያመመው ሰው ሕመሙ እስኪተወው ድረስ ከዚያ በላይ አይወጣም። ከባሰበት ይወርዳል፣ ሌሊትም ቢሆን። አስጎብኚው «ተረከዝህን ከጣቶችህ እያስከተልክ ቀጥ ባለ መስመር ተራመድ» ቢልዎት ቅር አይበልዎ። እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ሰው አንጎሉ ማበጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ እረፍት ላይ ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ሳንባው ውሃ እየያዘ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይገድላሉ።

ይህን ሁሉ አስጎብኚው የሚያውቀው ግን እርስዎ ከነገሩት ነው። ራስ ምታትን ከሰው ፊት ማንበብ አይቻልም። «ቡድኑን እንዳላስቀር» ብሎ የሚደብቅ ሰው፣ ማለዳ ላይ አርፎ ሊተወው የሚችለውን ነገር ሌሊት ሰው በሰው ተደግፎ እስከመውረድ ያደርሰዋል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ አለርጂ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የቆየ የጉልበት ጉዳት፦ ቅጹ ላይ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ እውነቱ ይጻፍ።

«ቁልቁለት ቀላል ነው፣ ውሃም በብዛት ከጠጣሁ ይበቃኛል»

በአሜሪካ ያለው ጥልቅ ሸለቆ ግራንድ ካንየን የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው። እዚያ ጉዞው የሚጀምረው በመውረድ ስለሆነ ሰው ጉልበቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ በማለዳ ቅዝቃዜ፣ ሳይታወቀው ርቆ ይወርዳል። ከደቡባዊው አፋፍ እስከ ኮሎራዶ ወንዝ ያለው ልዩነት ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ሲመለስ ያ ሁሉ ዳገት ሆኖ ይጠብቀዋል፤ በበጋ ደግሞ ታች ያለው ሙቀት ብዙ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፓርኩ በበጋ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በሸለቆው ውስጥ እንዳይጓዙ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ ጨው ያለው ነገር ሳይበሉ ውሃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያሳንሳል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር ያስከትላል፤ ሲከፋ ራስን ያስታል። ሲጠማ መጠጣት፣ በየመሃሉ ጨዋማ ነገር መቅመስ ነው።

«ዋናው ስጋት አውሬ ነው»

ሰው በሌሊት የሚያስበው ስለ ድብ ነው። በእነዚህ ፓርኮች ተጓዥን ይበልጥ የሚጎዳው ግን መውደቅ፣ መስጠም፣ ሙቀትና ብርድ ነው። በየሎውስቶን ከእንስሳት ሁሉ ብዙ ሰው ያቆሰለው የዋህ መስሎ ሣር የሚግጠው ጎሽ ነው፤ ሰው ፎቶ ለማንሳት ይጠጋዋል። የፓርኩ ደንብ ከድብና ከተኩላ ቢያንስ 91 ሜትር፣ ከሌሎች ትላልቅ እንስሳት 23 ሜትር መራቅ ነው።

ድቡን ወደ ሰፈሩ የሚስበው ሽታ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ የፀሐይ ቅባት፣ የከንፈር ቅባት ሳይቀር ለእሱ ምግብ ነው፤ አንዳቸውም ድንኳን ውስጥ አይድሩ። በዮሴሚቲ ዱር የሚያድር ሰው ምግቡን ድብ በማይከፍተው ጠንካራ መያዣ ውስጥ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ደንቡ ከፓርክ ፓርክ ይለያል፦ የድብ መከላከያ ስፕሬይ በየሎውስቶን ያዙ ይባላል፣ በዮሴሚቲ ግን የተከለከለ ነው።

«ጥርት ያለ የተራራ ውሃ ንጹሕ ነው»

ጃርዲያ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ጥገኛ ተሕዋስ በዓይን አይታይም። ሕመሙ የሚጀምረው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ ብዙዎች ከምንጩ ጋር አያያይዙትም። ማጣራት ወይም ማፍላት ነው፤ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ደግሞ 3 ደቂቃ።

«የፍራፍሬ ልጣጭ ይበሰብሳል፣ ምን ይጎዳል?»

በብርድና በደረቅ ቦታ ለመበስበስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ እንስሳትን የሰው ምግብ ያለምዳል። ይዞ መመለስ ነው። ለመጸዳዳት ከውሃ፣ ከመንገድና ከሰፈር 60 ሜትር ርቆ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በአንዳንድ ቦታዎች ሰገራውም በልዩ ከረጢት ተይዞ ይወጣል።

«ከፍያለሁ፣ ጫፉ ላይ መድረስ መብቴ ነው»

የከፈሉት ለጉዞው ነው፤ ለጫፉ ዋስትና የሚሰጥ ድርጅት ካለ ይጠርጠር። አስጎብኚው ከአንድ ሰው እግር፣ ከደመናው ወይም ከወንዙ የተነሳ «እንመለስ» ሲል በቡድን ድምፅ የሚሻር ነገር አይደለም። በተለይ ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ከሩቅ መጥተው ያሉ ሰዎች አስጎብኚውን ሲጫኑት ማየት ያሳዝነኛል፤ በዚያች ሰዓት ሊተዉት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህን ጫና ነው። ከገንዘቡ ጋር የተያያዘው ጥያቄ አስቀድሞ ይነሳ፦ ጉዞው በአየር ጠባይ ቢያጥር ምን ይመለሳል? አንድ ሰው ታሞ ቢወርድ ማን አብሮት ይወርዳል፣ ቀሪዎቹስ ከማን ጋር ይቀጥላሉ? ስልክ በማይሠራበት ቦታ አስጎብኚው የሳተላይት መገናኛ ይይዛል? ሄሊኮፕተር ቢያስፈልግ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? መልሱን ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ያግኙት።