ንብ የምታየው አበባ እኛ ከምናየው ይለያል

መስከረም ላይ ሜዳው አደይ ሲለብስ ንቦቹን ቆም ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ማየት ከጀመርኩ ከቦታው መነሳት ያቅተኛል። ስለ ዓይናቸው ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«ንብ ቀለም አትለይም፣ አበባን የምታገኘው በማሽተት ብቻ ነው»

ሽታ ይረዳታል። ቀለምም ግን አሳምራ ትለያለች። ይህ ጉዳይ በአንድ ወቅት ሊቃውንትንም አከራክሯል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ካርል ፎን ሄስ «ንቦች ቀለም አያዩም» ብሎ ድርቅ አለ። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ደግሞ በቀላል ሙከራ መለሰለት፤ ውጤቱንም በ1914 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ጠረጴዛ ላይ ከነጣ እስከ ጠቆረ ብዙ ግራጫ ካርዶች ደረደረ፣ መሃላቸው አንድ ሰማያዊ አስገባ፣ ሰማያዊው ላይ ስኳር ውሃ አስቀመጠ። ንቦቹ ለመዱ። ከዚያ ስኳሩን አንስቶ፣ የካርዱን ቦታ ቀይሮ፣ ባዶ ሳህን አኖረ። ንቦቹ አሁንም ወደ ሰማያዊው ሄዱ። ቀለም ባይለዩ ኖሮ በድምቀቱ ሰማያዊውን የሚመስል አንድ ግራጫ ያሳስታቸው ነበር።

«ቀይ ስለማይታያት ቀይ አበባ ላይ አታርፍም»

ግማሹ እውነት ነው። ቀይ ለንብ እንደ ጥቁር ነው። ማታ ማር ሲቆረጥ ቀይ መብራት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ግን የአውሮፓን ቀይ የፖፒ አበባ ንቦች ይወዱታል። የአበባው ቅጠሎች እኛ የማናየውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚያንጸባርቁ ንቧ የምታየው ያንን ነው።

«አምስት ዓይን ስላላት ከእኛ አጥርታ ታያለች»

አምስት መሆናቸው ልክ ነው። ሦስቱ ግን አናቷ ላይ ያሉ ትንንሽ ዓይኖች ናቸው፤ ሥራቸው በዋናነት የብርሃን መጠን መለካት ነው። ሁለቱ ትልልቆቹ በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ዓይኖች የተገጣጠሙ ናቸው። የእይታቸው ጥራት ከእኛ በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ ራቅ ያለ አበባ ለእሷ ብዥ ያለ ነጥብ ነው። የምትበልጠን በፍጥነት ነው። ለእኛ ቀጥ ብሎ የሚበራ አሮጌ የፍሎረሰንት አምፖል ለእሷ ብልጭ ድርግም ይላል። እየበረረች አበባ ለምትፈልግ ፍጡር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

«ቢጫ አበባ ለማንም ቢጫ ነው»

እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። የሱፍ አበባን ውሰዱ። ለእኛ ዙሪያው እኩል ቢጫ ነው። በአልትራቫዮሌት ካሜራ ሲነሳ ግን የቅጠሎቹ ጫፍ ይደምቃል፣ ወደ መሃል ያለው ክፍል ይጠቁራል። ልክ እንደ ተኩስ ዒላማ! ንቧ የት ማረፍ እንዳለባት ወዲያው ታውቃለች፣ ጊዜዋን አታባክንም። ተክሉም የአበባ ዱቄቱ ያለበት ቦታ በትክክል ይነካለታል።

ዓይኑ ነው ወይስ አበባው የቀደመው? ተመራማሪው ላርስ ቺትካ የንብን የሩቅ ዘመዶች አነጻጽሮ ዓይኑ እንደቀደመ አሳይቷል። አበቦች ከመምጣታቸው በፊት እንዲህ ዓይነት ዓይን ነበረ። ስለዚህ ቀለማቸውን ቀድሞ ለነበረ ዓይን ያስማሙት አበቦቹ ናቸው።

«ንብ አበባውን መጥምጣ እህሉን ታዳክማለች»

ይህን ስሰማ ያንገበግበኛል። ኑግን ተመልከቱ። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ መያዝ ያቅተዋል፤ ከሌላ የኑግ ተክል ሊመጣለት ይገባል። ንብ ደግሞ አንዱን ቀለምና ሽታ ከለመደች በዚያ ጉዞዋ ያንኑ ዓይነት አበባ ትከተላለች። ከኑግ ወደ ኑግ። ዱቄቱ ሌላ ተክል ላይ ወድቆ አይባክንም፣ እሷም አበባውን እንዴት እንደምትከፍት እንደገና መማር አይኖርባትም። ይህን የምታደርገው በቀን ብርሃን ነው። ስለዚህ ኑጉ አብቦ ሳለ መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነባችሁ፣ ጀንበር ጠልቃ ንቦቹ ቀፎ እስኪገቡ ጠብቁ።