ዲኮራ፦ የልውውጥ ተማሪ የሚከርምባት የአዮዋ ከተማ

ዲኮራ በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ የላይኛው አዮዋ ወንዝ እየተጠማዘዘ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሕዝቧ 7,600 እንኳን አልሞላም። አዮዋ ሲባል ዐይን እስኪታክት የተዘረጋ የበቆሎ ማሳ ብቻ የሚታየው ሰው እዚህ ገደል፣ ፏፏቴና ቀዝቃዛ ምንጭ ሲያገኝ ይገረማል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የግዛቱን መሐል ደልድሎ ያለፈው ግግር በረዶ እዚህ ማዕዘን አልደረሰም። የከተማዋ ስም የተወሰደው ከነባሩ የሆ-ቸንክ ሕዝብ መሪ ከዋውኮን ዲኮራ ነው፤ መልኳን የሰጧት ግን ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የሰፈሩት ኖርዌያውያን ናቸው።

የውጭ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዲህ ያሉ ከተሞች የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ መርጠው አይደለም። ጄ-1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ የሚመጣ ተማሪ ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት ተኩል ሆኖ አንድ ወይም ሁለት መንፈቅ ይማራል። የሚኖረው ያለ ክፍያ ሊያሳድረው ከፈቀደ ቤተሰብ ጋር ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ያለበት ከተማ የእሱም ከተማ ይሆናል። ኒው ዮርክን ሲያልም የኖረ ልጅ በቆሎ ማሳ ዳር የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው። ልማዱ የቆየ ነው፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአምቡላንስ ሾፌርነት ያገለገሉ በጎ ፈቃደኞች የመሠረቱት አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ፣ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በ1947 የመጀመሪያዎቹን 52 ተማሪዎች ወደ አሜሪካ አምጥቷል።

የትንሽ ከተማ ኑሮ የመጀመሪያው ፈተና መኪና ነው። ወደ ዲኮራ የመንገደኛ ባቡር አይመጣም፤ ቅርብ የሚባሉት አውሮፕላን ማረፊያዎችም በጎረቤት ግዛቶች፣ በላክሮስና በሮቸስተር ናቸው። የአዮዋ ልጅ በ14 ዓመቱ የተለማማጅ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ የልውውጥ ተማሪውን ግን ድርጅቶቹ በአብዛኛው መሪ እንዳይጨብጥ ይከለክሉታል። ስለዚህ ልምምድ ሲኖረው፣ ጸጉሩን መቆረጥ ሲፈልግ፣ ጓደኛው ቤት ሲጠራ «ታደርሱኛላችሁ?» ማለት ግዴታው ነው። ኩሩ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ከመጠየቅ እቤት መቀመጥ ይመርጣል። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው፤ ወሬ የሚወራው፣ ቋንቋ የሚለመደው፣ ቤተሰቡም ቤተሰብ የሚሆነው በመኪናው ውስጥ ነውና።

ሁለተኛው ነገር ታይቶ መታወቅ ነው። በትልቅ ከተማ ጎብኚው ያያል፤ እዚህ ጎብኚው ይታያል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድኖች «ቫይኪንግስ» ይባላሉ፤ በመከር ወራት ዓርብ ማታ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሲኖር አያት፣ ሕፃን፣ ነጋዴ፣ ገበሬ ሜዳው ዙሪያ ይሰበሰባል። አዲስ መጤው ከየት እንደመጣ ያላወቀ ሰው ካለ እዚያ ያውቃል። ከኢትዮጵያ የመጣ ከሆነ ደግሞ «ሯጭ ነህ አይደል?» መባሉ አይቀርለትም።

የኖርዌይ ነገር በከተማዋ ጌጥ ብቻ አይደለም። ቬስተርሃይም የሚባለው ሙዚየም (ትርጉሙ «ምዕራባዊ ቤት» ነው) በ1877 በሉተር ኮሌጅ የተጀመረ ስብስብ ነው፤ ስደተኞች ይዘዋቸው የመጡ ቀለም የተቀቡ ሳጥኖች፣ ከነበሩበት ተነቅለው የተተከሉ የግንድ ቤቶች፣ ሁለት ወንድማማቾች አትላንቲክን ያቋረጡባት ትንሽ ጀልባም አሉበት። ለእኔ ግን ከሙዚየሙ የሚበልጠው ሌፍሴ የሚባለው የኖርዌይ ቂጣ ጋገራ ነው። የተቀቀለ ድንች ከዱቄት ጋር ይታሽና ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ባሉት መዳመጫ እንደ ጨርቅ እስኪሳሳ ይዳመጣል። ቀጭን ረጅም እንጨት ከሥሩ ገብቶ ያነሣዋል፣ በክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይም ይዘረጋዋል፤ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ በዚያው እንጨት ይገለበጣል። በቅቤና በስኳር ተጠቅልሎ ይበላል። ምጣድ አጠገብ ያደገ ልጅ እጁ ወዲያው ይለምደዋል። ኮስቲክ ሶዳ በገባበት ውኃ ተዘፍዝፎ ዝልግልግ የሚለውን ሉተፊስክ የተባለ ዓሣ መውደድ ግን አይጠበቅበትም፤ የማይወዱት የአገሩ ልጆችም ብዙ ናቸው። ትልቁ የኖርዲክ ፌስት በዓል የሚከበረው በጁላይ መጨረሻ በመሆኑ፣ በኦገስት መጥቶ በጁን መግቢያ የሚሄደው የዓመት ተማሪ ሳያየው ይመለሳል።

ከከተማው በስተሰሜን 360 ሄክታር ገደማ የሚሰፋው ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ የተባለው ዘር ጠባቂ ማኅበር እርሻ አለ። ማኅበሩ በ1975 የተቋቋመው ዳያን ዊሊ ከአያቷ በተቀበለችው የአበባና የቲማቲም ዘር መነሻነት ነው፤ ዘሩን ቤተሰቡ ከባቫሪያ ይዞት የመጣ ነበር። የአዲስ አበባው የዘር ባንክ በቀጣዩ ዓመት በ1976 ሥራ ጀምሯል፤ ሁለቱም ከገበሬው እጅ እየጠፋ ያለውን ዘር ለማትረፍ የተነሡ ናቸው።

መኪና ያለው ቤተሰብ ቅዳሜን ሊሰጥ ከፈቀደ በስተ ደቡብ ምዕራብ ስፒልቪል ቅርብ ናት። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ የ1893ን በጋ ከአገሩ ልጆች ጋር ያሳለፈው በዚህች መንደር ነው፤ ያረፈበት ቤት ዛሬ የቢሊ ወንድማማቾች በእጃቸው የፈለፈሏቸው የእንጨት ሰዓቶች ሙዚየም ነው። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በኤፊጂ ማውንድስ የቀደሙት ነባር ሕዝቦች በድብና በወፍ ቅርጽ የቆለሏቸው የአፈር ጉብታዎች ይታያሉ። እንጀራ ያማረው ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩባት ወደ ሚኒያፖሊስ ሦስት ሰዓት ገደማ መጓዝ ይኖርበታል።

በከተማው ጠርዝ ያለው የዲኮራ የበረዶ ዋሻ መግቢያ አይከፈልበትም። የክረምቱ (የዲሴምበርና የጃንዋሪ) ብርድ በዋሻው አለት ውስጥ ዘልቆ ይቀመጣል፤ በጸደይ ላይኛው መሬት ሲቀልጥ የሚሰርገው ውኃ ያንን የቀዘቀዘ ግድግዳ ሲነካ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ በረዶው የሚወፍረው ውጭ ሲሞቅ ነው። ተማሪው በኦገስት መጨረሻ የወሰዱት እንደሆነ የሚያገኘው እርጥብ ጨለማ ነው፤ «የበረዶ ዋሻ ያላችሁት ይህ ነው?» ይላል። በጁን መጀመሪያ፣ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት፣ በቁምጣ ተመልሶ ሲገባ ግን ግድግዳው ነጭ ለብሶ፣ ትንፋሹ እየጨሰ ይቆየዋል።