እባብ ያየ በልጥ በረየ

ልጥ ከዛፍ ላይ የሚላጥ ቅርፊት ነው። ስሙም «ላጠ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ገጠር ውስጥ አጥር ይታሰርበታል፤ ጎጆም ሲሠራ ማገሩ በእሱ ይጠፈራል። እርጥብ ልጥ ሣር መሃል ተጠማዞ ሲጋደም፣ በተለይ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ቁርጥ እባብ ይመስላል።

«በረየ» ማለት ደነበረ፣ ደንግጦ ዘለለ ነው። አንዴ እባብ የገጠመው ሰው ልጥ ሲያይም ይደነብራል ለማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፈሪ የምንለውን ሰው ለመንካት እንጠቀምበታለን። እኔ እንዲህ ስንለው አባባሉ ያንስብኛል። «ያየ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሰውዬው የበረየው ፈሪ ስለሆነ አይደለም። ስላየ ነው።

ይህን ነገር ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ጆውስ» የተባለው ፊልም ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። ሰው የሚበላ ሻርክ አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማን ሲያስጨንቅ የሚያሳይ ፊልም ነው። ለቀረጻው የተሠራው ሜካኒካል ሻርክ፣ ሠራተኞቹ «ብሩስ» ያሉት፣ ጨዋማው የባሕር ውሃ እየገባበት በየጊዜው ይበላሽ ነበር። በ55 ቀን ያልቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ። ስፒልበርግም ሻርኩን ሳያሳይ ማስፈራት ግድ ሆነበት።

መጀመሪያ ላይ ሌሊት ብቻዋን የምትዋኝ ወጣት አለች። ድንገት ወደ ታች ትሳባለች፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ትላጋለች። ሻርክ የሚባል ነገር አይታይም። ተዋናይቷን የሚጎትታት በወገቧ የታሰረ ገመድ ነበር። ተመልካቹ ግን እባቡን አየ። ከዚያ በኋላ የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ የጆን ዊልያምስ ሁለት ኖታ ብቻ ይበቃዋል። በኋላም ሻርኩ ላይ የተሰካ ቢጫ በርሜል ውሃው ላይ ብቅ ሲል ሰው ወንበሩን ጨብጦ ይይዛል። በርሜል እኮ ነው! ሻርኩ ራሱን በደንብ የሚያሳየው ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ልቤን የሚነካው ግን የአሜሪካ የነጻነት በዓል ቀን ነው። ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። የሻርክ ክንፍ ውሃውን እየሰነጠቀ ሲመጣ ሕዝቡ እየተረጋገጠ ይወጣል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይጣራሉ። ጠባቂዎቹ ጠመንጃ ደግነው ሲጠጉ ከሥሩ ሁለት ልጆች ብቅ ይላሉ። ክንፉ ካርቶን ነው። ልጥ! ሰው እፎይ ሊል ሲል አንዲት ሴት ከወዲያ በኩል ትጮኻለች። እውነተኛው ሻርክ ከባሕሩ ጋር ወደተያያዘው ኩሬ እየገባ ነው። የፖሊስ አዛዡ ደግሞ የገዛ ልጁን «እዚያ ይሻላል» ብሎ የላከው ወደዚያው ኩሬ ነበር።