የኦንላይን የሥነ ልቦና ሙከራ ምንድን ነው?

ሊንኩን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚመጣው ረጅም ጽሑፍ ነው። ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ስትነኩ ስክሪኑ ባዶ ይሆንና መሃሉ ላይ ትንሽ የመደመር ምልክት ብቻ ትቀራለች። ዓይናችሁን እሷ ላይ ታሳርፋላችሁ። ምልክቷ ትጠፋና በቦታዋ አንድ ቃል ብቅ ይላል፦ «ቀይ»። የተጻፈው ግን በአረንጓዴ ቀለም ነው። የተባላችሁት ደግሞ ቃሉን ትታችሁ ቀለሙን እንድትመርጡ ነው። ጣታችሁ ወደ ቀዩ ሊሄድ ይልና መለስ ይላል። ቀጥሎ ሌላ ቃል፣ ከዚያ ሌላ። ይኸው ነገር መቶና ከዚያ በላይ ጊዜ ይደጋገማል። በመጨረሻ «ስለተሳተፉ እናመሰግናለን» ይላችኋል። በቃ፣ አለቀ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንዱ «ይሄ ጨዋታ ምን ይሠራላቸዋል?» ነው። ሌላው «ታዲያ ስንት አገኘሁ?» ነው። ሁለተኛውን ቶሎ ልመልሰው፦ ምንም አላገኛችሁም፤ ፈተና አይደለማ! የሚፈለገው የእናንተ ጉብዝና ወይም ስንፍና ሳይሆን የሰው አእምሮ በጥቅሉ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ስትሳሳቱ ስህተታችሁም ለተመራማሪው መረጃ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ዘርዘር ያለ መልስ ይፈልጋል። የኦንላይን የሥነ ልቦና ሙከራ ማለት ድሮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ ቤተ ሙከራ ይደረግ የነበረውን ሙከራ ተሳታፊው ባለበት ሆኖ በራሱ ኮምፒውተር የሚሠራበት መንገድ ነው። ከመጠይቅ ጋር አይምታታባችሁ። መጠይቅ ስለ ራሳችሁ ምን እንደምታስቡ ይጠይቃል። ሙከራ ግን የምትሠሩት ነገር ይሰጣችሁና ስትሠሩት ይለካችኋል። ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ሁለት ነገር ነው፦ ምን መለሳችሁ፣ ለመመለስስ ምን ያህል ጊዜ ወሰደባችሁ። አንዳንዱ ሙከራ ዓይንና ጆሮ ያመጡትን አእምሮ እንዴት እንደሚያነበው ይመረምራል። ሌላው ትኩረትን፣ ማስታወስን ወይም ውሳኔን ይመለከታል። በተግባር ሁለቱን መለየት ከባድ ነው፤ አንድ ሙከራ ሁለቱንም ይነካካል።

ጊዜን መለካት ለምን አስፈለገ? ሐሳብ አይታይም፤ የሚወስደው ጊዜ ግን ይለካል። ይህን በግልጽ የተጠቀመበት ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም 1868 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መላው ቀላል ነው። መጀመሪያ ሰውየው አንድ ምልክት እንደታየው ብቻ ምላሽ ይሰጣል። ቀጥሎ ከሁለት ምልክቶች የትኛው እንደታየ ለይቶ ምላሽ ይሰጣል። ሁለተኛው ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ስትቀንሱ የሚተርፈው ለመለየትና ለመምረጥ የሄደው ጊዜ ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ቩንት ላይፕዚግ ከተማ ውስጥ ታዋቂውን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ የከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በ1879 ነው። የዛሬዎቹ የኦንላይን ሙከራዎች ብዙዎቹ ገና ከዚሁ የመቀነስ ዘዴ አልወጡም። ማሽኑ ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ወደ ቀለሙ ሙከራ ልመለስ። ባለቤቱ ጆን ሪድሊ ስትሩፕ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ያሳተመው በ1935 ነው። ያኔ ኮምፒውተር የለም። ተሳታፊዎቹ ወረቀት ላይ 100 ባለቀለም ካሬዎች ተሰጥተዋቸው ቀለማቸውን ድምፅ አውጥተው ጠሩ። በአማካይ 63 ሰከንድ ገደማ ወሰደባቸው። ከዚያ በካሬዎቹ ፋንታ ከራሳቸው ትርጉም ጋር በማይገጥም ቀለም የተጻፉ 100 የቀለም ስሞች ቀረቡላቸው። አሁንም የሚጠሩት ቀለሙን ነው። 110 ሰከንድ ገደማ ፈጀባቸው። ቀለም መጥራት ያው ቀለም መጥራት ነው። የተጨመረው ማንም አንብቡ ሳይላቸው በግድ ያነበቡት ቃል ነው። ማንበብ የለመደ ሰው ፊደል እያየ «አላነብም» ማለት አይችልም። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ግን በዚህ አይቸገርም፤ ቃሉ ለእሱ ጌጥ ነው።

በኮምፒውተር ሲሠራ ልዩነቱ በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው የሚቆጠረው። «ቀይ» በቀይ ሲጻፍ የወሰደባችሁ ጊዜ አንድ ጎን ይቀመጣል። «ቀይ» በአረንጓዴ ሲጻፍ የወሰደባችሁ ደግሞ ሌላ ጎን። ከዚያ ይቀናነሳሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የምትነጻጸሩት ከጎረቤታችሁ ጋር ሳይሆን ከራሳችሁ ጋር ነው። ቀስ የሚል ሰው በሁለቱም ቀስ ይላል፤ ፈጣኑም በሁለቱም ይፈጥናል። ስለዚህ «እኔ ዘገምተኛ ነኝ፣ አበላሽባቸዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

መደጋገሙም ከዚሁ ይመጣል። አንዷን ዙር ብቻ ብትወስዱ ምንም አትነግራችሁም። ዓይናችሁ ተርገብግቦ ይሆናል፤ ምሳ ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። መቶ ዙር ሲደመርና አማካዩ ሲወሰድ ግን ያ ሁሉ ግርግር ይጠፋፋል። እውነቱን ለመናገር አሰልቺ ነው። ተመራማሪዎቹም ያውቁታል፤ ለዚህ ነው መሃል ላይ እረፍት የሚሰጧችሁ። እረፍቷን ተጠቀሙባት።

አሁን ደግሞ ማሰልቸት የሌለበትን ልንገራችሁ። አንድ ፎቶ ይታያችኋል። ከዚያ ስክሪኑ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ባዶ ይሆንና ያው ፎቶ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ነገር ግን ተቀይሮበታል። ፎቶ፣ ባዶ፣ የተቀየረው ፎቶ፣ ባዶ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። የተቀየረውን ስታገኙ ቁልፍ ተጫኑ ትባላላችሁ። ቀላል ይመስላል። ግን ታፈጣላችሁ፣ ታፈጣላችሁ፣ የለም። በኋላ ድንገት ስታዩት አንድ ትልቅ ግድግዳ ሲመጣ ሲሄድ ነበር! «እንዴት ይሄን አላየሁም?» ብሎ የማይስቅ ሰው የለም። ይህን ሙከራ ሮናልድ ሬንሲንክና ባልደረቦቹ በ1997 አሳትመውታል። ባዶዋ ቅጽበት ከሌለች ለውጡ ራሱ ብልጭ ብሎ ዓይናችሁን ይጠራው ነበር። እሷ ስትገባ ግን ጥሪው ይጠፋል፤ ያኔ ትኩረታችሁን ከቦታ ቦታ እያዘዋወራችሁ መፈለግ ግድ ይሆናል። ዓይናችን ሁሉን ነገር እንደ ካሜራ ቀድቶ የሚያስቀምጥ ይመስለናል። ትኩረት ያልሰጠነውን ግን ፊታችን ተደቅኖም እናልፈዋለን።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እቤታችሁ ሲሠራ አንድ ጣጣ ይመጣል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ስክሪኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ተሳታፊው የሚቀመጥበት ርቀትም ተለክቶ የታወቀ ነው። እናንተ ጋ ግን የአንዱ ላፕቶፕ ትንሽ ነው፤ ሌላው ተጋድሞ ነው የሚሠራው። ተመራማሪው ምስሉ ለዓይናችሁ ምን ያህል ትልቅ ሆኖ እንደታየ በምን ያውቃል? መላ አላቸው። መጀመሪያ የባንክ ካርድ ወይም መጠኑ እንደሱ የሆነ ሌላ ካርድ ስክሪኑ ላይ አስደግፋችሁ፣ የሚታየውን ሳጥን ከካርዱ ጋር እኩል እስኪሆን እንድትስቡት ይጠይቋችኋል። የካርዶቹ ስፋት በመላው ዓለም 85.6 ሚሊሜትር ስለሆነ የስክሪኑ ልክ ከዚያ ይሰላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ መደንገጡም ደግ ነው። የሚፈለገው የካርዱ ስፋት ብቻ ነው። ቁጥሩን ጻፉ ወይም በካሜራ አሳዩ ካሏችሁ ግን ያ ጥናት አይደለም፤ ዝጉት።

ቀጥሎ ርቀቱ። አንድ ዓይን ጨፍኑና ይህችን ካሬ ብቻ እዩ ትባላላችሁ። አንዲት ነጥብ ከጎን እየራቀች ትሄዳለች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ እልም ትላለች፤ ያኔ ቁልፍ ትጫናላችሁ። ነጥቧ ግን ስክሪኑ ላይ አለች። የጠፋችው እናንተ ጋ ነው። የዓይን ነርቭ ከዓይን ኳስ በሚወጣበት ቦታ ብርሃን የሚቀበል ህዋስ የለም። ይህ ቦታ ከእይታችን መሃል በስንት ዲግሪ እንደሚርቅ በግምት ስለሚታወቅ ነጥቧ የጠፋችበት ቦታ ከስክሪኑ ምን ያህል እንደራቃችሁ ይናገራል። እኔ በበኩሌ ከዋናው ሙከራ ይልቅ ይህችን መለኪያ ነው የምወዳት።

ለድምፅ ሙከራም የራሱ ብልሃት አለው። ሦስት ድምፆች ያሰሟችሁና ዝቅ ያለውን ምረጡ ይላሉ። ከሦስቱ አንዱ ግን የግራው ሞገድ የቀኙ ግልባጭ ሆኖ የተሠራ ነው። በስፒከር ከሰማችሁት ሁለቱ ጎኖች አየር ላይ ይጠፋፋሉና ያ ድምፅ ዝቅ ሳይል ዝቅ ያለ ይመስላል። ኢርፎን ያደረገ ሰው አይሸወድም። በዚህች ዘዴ ኢርፎን አድርጌያለሁ ብሎ ያላደረገው ይታወቃል።

ስለ ስክሪን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚታደሰው። ስለዚህ አንድ ምስል ሊታይ የሚችልበት አጭሩ ጊዜ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ነው። ኪቦርዱም የራሱን መዘግየት ይጨምራል። ይሁንና መዘግየቱ በሁለቱም ዓይነት ዙር ላይ ተቀራራቢ ስለሆነ ስትቀንሱት አብሮ ይወድቃል። በ2013 የታተመ ሥራ የስትሩፕንና ሌሎች የታወቁ ሙከራዎችን በኢንተርኔት ደግሞ ሲሠራ አብዛኞቹ ተመሳሳይ ውጤት ሰጥተዋል። «በስልክ አይቻልም» የሚሏችሁም ለክፋት አይደለም፤ ትንሽ ስክሪንና ጣት መለኪያውን ስለሚያዛቡት ነው።

ኢንተርኔቱ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ዋናው ምክንያት ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ ስለ «ሰው አእምሮ» የተጻፈው በአብዛኛው የምዕራባውያን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለክቶ ነው። በ2008 የወጣ አንድ ቆጠራ፣ በታዋቂ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ላይ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች እንደሆነ አሳይቷል። ታዲያ ምን ችግር አለው? አለው እንጂ። ጫፋቸው ላይ ቀስት ያላቸውን ሁለት እኩል መስመሮች አስቡ፤ የአንዱ ቀስት ወደ ውስጥ፣ የሌላው ወደ ውጭ ያያል። ብዙ ሰው አንዱን ረዘም ያለ አድርጎ ነው የሚያየው። ሥዕሉ ከ1889 ጀምሮ ይታወቃል። በ1966 የታተመ ሰፊ ጥናት ግን አንዳንዱ ማኅበረሰብ በጣም እንደሚታለል፣ አንዳንዱ ደግሞ እምብዛም እንደማይታለል አሳየ። ዓይን ሁሉ አንድ ነው ያሉት ተቸገሩ።

ኢንተርኔት ይህን ቀዳዳ ትንሽ ደፍኖታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ተሳታፊንና ተመራማሪን የሚያገናኙ መድረኮች አሉ፤ አማዞን ሜካኒካል ተርክ በ2005፣ ፕሮሊፊክ በ2014 ጀመሩ። ክፍያ ያላቸው መድረኮች ከሁሉም አገር ሰው አይቀበሉም። ቪፒኤን ከፍቶ ሌላ አገር ነኝ ማለት ደግሞ ጥናቱን ራሱ ያበላሻል፤ ከተነቃባችሁም አካውንታችሁ ይዘጋል።

ከተሳታፊ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ጸጥ ያለ ቦታ፣ ጸጥ ያለ ስልክ፣ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መነጽር። መመሪያውን ሙሉውን አንብቡ፤ መሃሉ ላይ «ይህን ካነበቡ ሰማያዊውን ይምረጡ» የሚል ወጥመድ ሊኖር ይችላል። ዝም ብሎ ቁልፍ የሚቀጠቅጠውን ሰው ቁጥሩ ያሳብቅበታል፤ በ100 ሚሊሰከንድ አይቶና ወስኖ የሚመልስ ሰው የለም። አንዳንዱ ጥናት መጨረሻ ላይ «በቁም ነገር ነው የሠሩት? መልስዎ ክፍያዎን አይነካም» ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን ንገሯቸው።

ከእነሱ የሚጠበቀው ግን ይበዛል። ያ መጀመሪያ ላይ ያለፋችሁት ረጅም ጽሑፍ የስምምነት ቅጽ ነው። ማን እንደሚያጠና፣ የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንደፈቀደ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማንን መጠየቅ እንደምትችሉ መጻፍ አለበት። ያለ ፈቃድ በሰው ላይ ሙከራ አይደረግም የሚለው ደንብ በ1947 በጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ ከሰፈረ ወዲህ ጠንክሯል። ኢንተርኔት ላይ ግን የሚረሳበት ጊዜ አለ። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት 689,003 የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ገጻቸው ላይ የሚያዩትን ጽሑፍ ለይቶ ሳይነግራቸው ቀያይሮ ስሜታቸውን መለካቱ ሲታወቅ ትልቅ ቁጣ አስነሳ፤ መጽሔቱም በኋላ ስጋቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። በደንቡ የሚሠራ ጥናት ላይ ግን ካልተመቻችሁ መስኮቱን ዘግታችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም።

ወደ «ስንት አገኘሁ» አንድ ጊዜ ልመለስ፤ ሰው አጥብቆ ስለሚጠይቅ ነው። ውጤታችሁን ባይነግሯችሁ ንፍገት አይደለም። በ2018 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ እንደ ስትሩፕ ያሉት ሙከራዎች በሁሉም ሰው ላይ ማለት ይቻላል የሚሠሩ በመሆናቸው፣ አንዱን ግለሰብ ከሌላው ለመለየት ደካማ ናቸው። ዛሬና ከሦስት ሳምንት በኋላ ብትሠሩት ደረጃችሁ ሊቀያየር ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ሙከራ ተነስቶ «ትኩረትዎ ደካማ ነው» የሚላችሁ ገጽ ካለ አትመኑት።

መጨረሻ ላይ ጥናቱ በእርግጥ ስለምን እንደነበር የሚገልጽ ገጽ ይመጣል። አስቀድመው ያልነገሯችሁ፣ ብታውቁት መልሳችሁ ስለሚቀየር ነው። ለዚሁ ሲባል ገና ላልሠራ ጓደኛችሁ አትንገሩት። ስማችሁ ከመልሶቻችሁ ተለይቶ ቁጥሮቹ ብቻ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዲያዩት ሊለጠፉ ይችላሉ። ሐሳባችሁን ቀይራችሁ «መረጃዬ ይሰረዝ» የምትሉ ከሆነ ቶሎ ጻፉላቸው፤ የተሳታፊ ቁጥራችሁንም አያይዙ። ስሙ አንዴ ከተለየ በኋላ የትኛው የእናንተ እንደሆነ እነሱም አያውቁትም።